ከክፍል በኋላስ? ሐዋሳ፣ አዳማ ወይስ ከቤት እየተመላለሱ መማር

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት ሐዋሳ ውስጥ ስልክ የማይጮህበት ቤት የለም። "ስንት አመጣ?" ይባላል። ቀጥሎ "ምን ሊሞላ ነው?" ይመጣል። ከዚያ ወሬው ዲፓርትመንት ላይ ያርፋል፤ ህክምና፣ ሶፍትዌር፣ አካውንቲንግ፣ ሕግ። የከተማው አየር ይነሳል፣ የካፌው ምግብ ይነሳል፣ የትራንስፖርቱ ዋጋ ይነሳል። ልጁ ከክፍል ከወጣ በኋላ የት እንደሚያመሽና ከማን ጋር እንደሚውል የሚጠይቅ ግን ብዙ ሰው አላየሁም።

እዚሁ ሐዋሳ አስተማሪ ነኝ። የሸኘናቸው ልጆች ለሴሚስተር እረፍት ሲመጡ ትምህርት ቤት ጎራ ይላሉ። "እስቲ ስለ ግቢ አውሩኝ" ስላቸው ስለ ሌክቸር የሚያወራኝ ጥቂት ነው። የሚያወሩት ስለ መዝሙር ልምምድ፣ ስለ ፕሮግራሚንግ ውድድር፣ ስለ ዶርም ልጆች፣ ስለ ዲፓርትመንቶች የእግር ኳስ ዋንጫ ነው። ፊታቸው የጠቆረውን ልጆች ሳናግር ደግሞ፣ ብዙዎቹ ትምህርቱ አልከበዳቸውም። ክፍል፣ ካፌ፣ ዶርም፤ ክፍል፣ ካፌ፣ ዶርም ሲሉ ከርመው ሰው ያላገኙ ናቸው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ እንደ ትርፍ ነገር አላየውም።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። አንድ ግቢ ከሌላው የሚሻለው፣ ልጁ ከትምህርት በኋላ በእግሩ፣ በሰላምና ብዙ ሳያወጣ ሊደርስበት በሚችለው ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው ሃምሳ ክበብ ቢኖረው፣ ልጁ የሚፈልገው ክበብ የሚሰበሰበው በሌላኛው ካምፓስ ከሆነ ለእሱ የለም ማለት ነው። ከዚህ በታች ሦስት መንገዶችን የማነጻጽረው በዚህ ሚዛን ነው፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ እና በከተማው ውስጥ ባለ የግል ኮሌጅ ከቤት እየተመላለሱ መማር። ሌላ ቦታ የሚሞላ ወይም የሚመደብ ልጅም ጥያቄዎቹን እንዳሉ ይዞ መሄድ ይችላል።

ምርጫው ምን ያህል በእጃችሁ ነው?

ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፣ ምደባውን የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ውጤቱና የቦታው ብዛት ይወስናሉ። ሐዋሳን አንደኛ የሞላ ልጅ ሌላ ክልል ሊደርሰው ይችላል። አዳማ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የራሱን መግቢያ ፈተና ሲሰጥ የቆየ ግቢ ነው፤ ያን መንገድ የፈለገ ተማሪ የፈተናውን ማስታወቂያ በጊዜ መከታተል አለበት። የግል ኮሌጅ የሚወስነው የመግቢያ ነጥቡና የወላጅ ኪስ ነው። እዚያ ግን ስለ ግቢ ሕይወት ከመጠየቅ በፊት አንድ ነገር ይቀድማል። የምትመዘገቡበት ፕሮግራም፣ በዚያው ቅርንጫፍ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። ፈቃድ ከሌለው የቀረውን ማነጻጸር ጊዜ ማባከን ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሩ

የግቢ ሕይወት ሲነሳ ወላጅ የሚፈራው አንድ ነገር ነው። "ክበብ ክበብ ሲል ትምህርቱን ይጥላል።" ፍርሃቱ መሠረት አለው። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች የሚወሰዱበት ነው፤ ተማሪው የሚፈልገውን ዲፓርትመንት ለማግኘት የሚወዳደረውም በዚያ ጊዜ በሚያመጣው ውጤት ነው። ማለትም በፍሬሽ ዓመት የሚባክን ሰዓት ዋጋው ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ተቋም የሚመረቅ ተማሪ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅበታል።

ግን ሰዓቱን ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። ክፍል 11 ሰዓት ላይ አለቀ እንበል። እራት፣ ልብስ አጠባ፣ ወረፋ አለ። ላይብረሪ ቦታ መያዝ አለ። በሳምንቱ መካከል ለሌላ ነገር የሚተርፈው፣ ተቆጥቦ፣ በቀን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ሰፊው ጊዜ ያለው ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ላይ ነው። አንድ ልጅ የሳምንቱን ፕሮግራም በሎከሩ በር ውስጥ በወረቀት ለጥፎ አሳይቶኝ ነበር። ከሰኞ እስከ አርብ ያለው ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ "ጥናት" ይላል። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ በቀይ "ቮሊቦል"፣ እሁድ ጠዋት "ቅዳሴ" ተብሎ ተጽፏል። ረቡዕ ማታ ላይ ደግሞ ትንሽ ካሬ ሠርቶ "ድራማ" ካለ በኋላ ሰርዞታል። ለምን ሰረዝከው ስለው፣ "አዳራሹ ሩቅ ነው፣ ስመለስ ላይብረሪ ቦታ አላገኝም" አለኝ። ድራማውን የሚወድ ልጅ ነበር፤ ያስቀረው ርቀቱ ነው።

እኔ ለተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ነገር ብቻ ያዙ። የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣ ሁለተኛ ለመጨመር ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ምንም አለመያዝን ግን አልመክርም። ሰው የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ሁሉ ተጣምሮ ያልቃል።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፦ የትኛው ካምፓስ?

"ሐዋሳ ደረሰኝ" የሚል ልጅ ሲገጥመኝ የምጠይቀው "የትኛው ካምፓስ?" ብዬ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከተለያዩ ኮሌጆች ተሰብስቦ የተፈጠረ ስለሆነ አንድ ግቢ የለውም። የግብርና ኮሌጁ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ በ1978 ተከተለ። እነዚህና ሌሎች ተቀላቅለው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም የመጣው በ2006 ነው። ዛሬ በከተማው ውስጥ ዋናው ግቢ፣ ቴክኖሎጂ፣ ግብርና እና ሰው "ሪፈራል" የሚለው የህክምናና ጤና ሳይንስ ግቢ አሉ። ከከተማ ውጭ ደግሞ ሻሸመኔ አጠገብ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም በኩል አዋዳ፣ ራቅ ብሎ በንሳ ዳዬ አሉ።

ይህ ለግቢ ሕይወት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ዋናው ግቢ የሚገባ ልጅ የሚያገኘው ብዛት ነው። ሶሻሉም ናቹራሉም አንድ ላይ ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ የትም ክልል ልጅ አለ። ኪነ ጥበብ፣ ክርክር፣ ቀይ መስቀል፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ስፖርት፤ ለሁሉም የሚሆን ሰው አይጠፋም። የሕግ ተማሪ ከሆነ ደግሞ አንድ ልዩ ዕድል አለው። የሕግ ትምህርት ቤቱ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት። ጠበቃ መሆን ለሚፈልግ ልጅ የባለጉዳይ አቤቱታ ቁጭ ብሎ መስማት ከየትኛውም ክበብ የበለጠ ያስተምረዋል ብዬ አምናለሁ።

ሪፈራል የሚገባ ልጅ ሌላ ሕይወት ነው የሚጠብቀው። የህክምና ተማሪ ዓመቱ ረጅም፣ ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ክሊኒካል ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰዓቱ የራሱ አይሆንም። ለእሱ የሚስማማው እዚያው በግቢው ውስጥ ያለ፣ ሲቀር የማይወቀስበት ነገር ነው፤ የደም ልገሳ ቡድን፣ የማለዳ ሩጫ፣ ትንሽ የጸሎት ህብረት። ዋናው ግቢ ያለውን የቲያትር ቡድን እያሰበ ሪፈራልን የሚመርጥ ልጅ ካለ አስቀድሞ ይወቀው፤ ባጃጅ ይዞ መመላለስ አለበት፣ ማታ ደግሞ መመለሱ ያሳስባል።

ወንዶ ገነት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ስለማያውቀው ያለ አግባብ ይፈራዋል። "ገጠር ደረሰኝ" ብሎ ያለቀሰ ልጅ አውቃለሁ። ግቢው ትንሽ ነው፣ ዙሪያው ደን ነው፣ ፍል ውሃው ቅርብ ነው። ትንሽ ግቢ ሲሆን የሚጠፋ ነገር አለ፤ የምርጫው ብዛት፣ የከተማው ግርግር፣ ሲኒማው። የሚገኝም አለ። ትልቅ ግቢ ውስጥ ለመግባት በማጣሪያ የሚታለፍበት የኳስ ቡድን፣ እዚያ "ና፣ ሰው ጎድሎናል" ይላል። ዓይን አፋር ልጅ ትንሽ ግቢ ላይ ቶሎ ይታወቃል። በአንድ ዓመት ውስጥ የክበብ ጸሐፊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አዋዳንና ዳዬንም በዚሁ ዓይን እዩአቸው። መራቃቸውን ብቻ አትቁጠሩ።

አሁን ለሐዋሳ ልጅ ብቻ የሚሆን አንድ ምክር። እዚሁ ከተማ ከደረሰው፣ አርብ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቤት ይመጣል። እናት "እሁድ ምሳ እንዳትቀር" ትላለች፤ ደስ ይላል። ግን የክበቡ ሥራ ሁሉ ያለው ቅዳሜና እሁድ ነው። ልምምዱ፣ ግጥሚያው፣ ጉዞው የሚደረገው እሱ ቤት ተቀምጦ ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ቢያንስ አንዱን ቅዳሜ እየዘለላችሁ ግቢ እንዲያድር ተዉት። ከሩቅ የመጣ የዶርም ጓደኛውን ለበዓል ይዞት ቢመጣ ደግሞ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ ጉዱማሌ ወርዶ በዓሉን ከሲዳማ ልጅ ጋር ያየ የሌላ ክልል ተማሪ፣ ከተማዋን እንደ ማደሪያ ብቻ አያያትም።

አዳማ፦ ሁሉም አንድ ቋንቋ የሚናገርበት ግቢ

የአዳማው ግቢ ታሪክ ባሕርዩን ይነግራችኋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ። የቴክኒክ መምህራን ያሠለጥን ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ በ2011 ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ የሚቀበለው የናቹራል ተማሪ ነው፤ ኢንጂነሪንጉና አፕላይድ ሳይንሱ ላይ ያተኩራል። ከሐዋሳ የሚለየው ትልቁ ነገርም ይኸው ነው። ተማሪው ሁሉ የናቹራል ነው፣ ትምህርቱም የሚቀጥለው አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

ኮድ መጻፍ፣ ሮቦት መገጣጠም፣ ሰርክዩት መሥራት የሚወድ ልጅ ካላችሁ፣ አዳማ ላይ ብቻውን አይሆንም። የኮምፒውተር ሳይንስና ምህንድስና ተማሪዎች የራሳቸው ክበብ አላቸው፤ ሲኒየሩ ፍሬሹን ያስተምራል። በዲፓርትመንት መካከል ያለው ርቀት በእግር የሚሄዱት ስለሆነ፣ የሜካኒካሉ ልጅ ከኤሌክትሪካሉ ጋር ተጣምሮ አንድ ነገር ለመሥራት ባጃጅ አያስፈልገውም። እዚህ ላይ ክበቡና ትምህርቱ አይጣሉም። ማታ ክበብ ውስጥ የሠራው ነገር ጠዋት ላቦራቶሪ ውስጥ ይጠቅመዋል። በሥራ ፍለጋ ጊዜም "ይኸው የሠራሁት" ብሎ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። በሰዓት ሚዛን ብቻ ካየነው፣ ለቴክኖሎጂ ልጅ አዳማ ከሐዋሳ ይበልጣል። ይህን ሐዋሳን ስለምወድ አልደብቀውም።

የሚጎድለውም ከዚያው ይመጣል። ሶሻል ሳይንስ የሚማር ተማሪ በሌለበት ግቢ የሕግ፣ የጋዜጠኝነት፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጓደኛ አይገኝም። ግጥም የሚጽፍ ኢንጂነር አለ፤ ብዙ አለ። ግን የግጥም ምሽቱን የሚያዘጋጀው ራሱ ነው። ክርክር የሚወድ፣ ፖለቲካ የሚያነብ፣ ቲያትር የሚያብከነክነው ልጅ ውጤቱ ስለፈቀደለት ብቻ አዳማን ቢሞላ፣ ለዓመታት ስለ አሳይመንት ብቻ የሚወራበት ዶርም ሊያስጨንቀው ይችላል። ውድድሩም ቀላል አይደለም። በየትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበሩ ልጆች ተሰብስበው ነው የሚገናኙት። እዚህ ከክፍል አንደኛ የነበረ ልጅ እዚያ መካከለኛ ሲሆን ይደነግጣል፤ ያኔ ከጥናት ውጭ የሚይዘው ነገር ቢኖረው ያቆመዋል።

ከተማው ጥሩ ነው። አዳማ ሞቃት ናት፣ ንፋሷና አቧራዋም ይታወቃል፣ ግን እንቅስቃሴ አለ። ሶደሬ ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ ያለው 99 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ የፍጥነት መንገዱ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ፣ እንደ ጎረቤት ሆኗል። ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ ጥሩ ነው፣ ቅዳሜ ቤቱ ያድራል። ለሐዋሳ ልጅ ግን ጥያቄ ያመጣል። የዶርም ጓደኞቹ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳ አንጠልጥለው ሲወጡ እሱ ወደ ሐዋሳ መጥቶ እሁድ መመለስ አይቀለውም። ስለዚህ አዳማን የሚሞላ የእኛ ልጅ ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ነገር መያዝ ግድ ይለዋል። እዚያ የማታዩትን ልጅ ስልክ ስትደውሉ "በልተሃል?" ካላችሁ በኋላ "ቅዳሜ የት ዋልክ?" በሉት።

ከቤት እየተመላለሱ

የግል ኮሌጅ ሲባል ብዙ ሰው "የግቢ ሕይወት የለውም" ብሎ ይዘጋዋል። ግማሹ እውነት ነው። ብዙዎቹ በኪራይ ፎቅ ላይ ያሉ ናቸው። ሜዳ የለም፣ ዶርም የለም፣ ትምህርት ሲያልቅ ተማሪው በየባጃጁ ይበተናል። የተመራቂዎች ፎቶና የዓመት መጨረሻ ዝግጅት ይኖራል፤ በየሳምንቱ የሚገናኝ ቡድን ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት።

ሌላውን ግማሽ ግን ተመልከቱ። ልጅቷ ሐዋሳ ውስጥ ቤቷ ሆና ስትማር ያላት ነገር አይቋረጥም። ሰንበት ትምህርት ቤቷ፣ መዘምራኗ፣ የሰፈር ቡድኗ፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኝነቷ፣ የክረምት የማጠናከሪያ ትምህርቷ። እነዚህን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ የገባች ጓደኛዋ ትታ ሄዳ ከዜሮ ትጀምራለች። ቤት ያለች ልጅ ግማሽ ቀን መሥራትም ትችላለች፤ ሱቅ ላይ ሂሳብ የያዘች የአካውንቲንግ ተማሪ ከየትኛውም የቢዝነስ ክበብ የማይገኝ ነገር አላት።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቤት ያለ ልጅ የቤት ልጅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡና አፍይ፣ ታናሽህን አስጠና፣ ወፍጮ ቤት ሂድ ይባላል። ሰዓቱ የራሱ አይደለም። ወላጆች፣ ይህን መንገድ ከመረጣችሁ በሳምንት ሁለት ከሰዓት "ያንተ ነው፣ አንነካህም" ብላችሁ ስጡት፤ ለሴት ልጅም እኩል። ያ ካልሆነ ከ12ኛ ክፍል ወደ 13ኛ ክፍል ያለፈ ያህል ነው የሚሰማው። ከቤት ያልወጣ ልጅ የማያገኘው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ከማያውቀው ክልል ከመጣ፣ አፉን በሌላ ቋንቋ ከፈታ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ማደር። እሱን የሚተካ ነገር ከተማው ውስጥ አላገኘሁለትም።

በየትኛውም ግቢ የሚጠብቋችሁ ህብረቶች

ስለ ኢትዮጵያ ግቢ ሲወራ የሃይማኖት ህብረቶችን ትቶ ማለፍ አይቻልም። በጥንካሬያቸው ከማንኛውም ክበብ ይበልጣሉ። የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ የወንጌላውያኑ ፌሎሺፕ፣ የሙስሊሙ ጀመዓ በሐዋሳም በአዳማም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰቡት ከግቢ ውጭ ባለ ቤተ ክርስቲያን፣ አዳራሽ ወይም መስጊድ ነው። የታመመ ሲኖር የሚጠይቁት፣ ገንዘብ ያጠረው ሲኖር የሚያዋጡት፣ ፍሬሹን መናኸሪያ ድረስ ሄደው ሻንጣውን የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ወላጅ የሚያርፍበት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፣ እኔም አከብራቸዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ህብረቱ የልጁ ብቸኛ ዓለም እንዳይሆን። በአንድ በኩል ከራሱ እምነት ልጆች ጋር፣ በሌላ በኩል ከሁሉም ጋር የሚያገናኘው አንድ ነገር ይኑረው፤ ኳስም ይሁን ኮድ። ሌላውን ሰው በቅርብ የሚያውቅ ልጅ፣ ግቢ ውስጥ ወሬ ሲናፈስና ሰው በቡድን ሲቧደን ቶሎ አይወሰድም።

ለሴት ልጆች የሚለየው

ዝርዝሩ ለወንድና ለሴት አንድ ሆኖ ይጻፋል፤ ሰዓቱ ግን አንድ አይደለም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ልምምድ ለወንድ ልጅ ምንም አይደለም። ለሴት ልጅ ከአዳራሹ እስከ ዶርሙ ያለው መንገድ መብራት አለው ወይ፣ የዶርሙ በር ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ስታረፍድ ፕሮክተሯ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ) ምን ትላለች የሚለው ይወስናል። ከግቢ ውጭ የሚሰበሰብ ከሆነ ደግሞ አብራት የምትመለስ ልጅ ትፈልጋለች። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እዚያ የምትማር ሴት ተማሪን ጠይቁ፤ ወንድ ሲኒየር አያውቃቸውም። በየዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ጾታ ቢሮ አለ፤ ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያልና ድጋፍ ያዘጋጃል። ፍሬሽ ልጅ ቢሮው የት እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ብታውቅ ጥሩ ነው።

ክበቡ እውነት መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?

ወረቀት ላይ ሁሉም ግቢ ክበብ አለው። አንድ ጊዜ ዘመድ ልጠይቅ የሄድኩበት ግቢ፣ ከበሩ ገባ ብሎ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነበር። ከላይ ትልቅ ባነር አለ፤ "የተማሪዎች ክበባት ሳምንት" ይላል፣ ፀሐይ አንጥቶታል፣ ቀኑ ያለፈው ዓመት ነው። ከሥሩ የጠፋ መታወቂያ ፍለጋ፣ ያገለገለ ካልኩሌተር ሽያጭ። ጥጉ ላይ ግን በእጅ የተጻፈ ግማሽ ሉክ ወረቀት ተለጥፏል፤ "የቼዝ ውድድር፣ መመዝገቢያ እስከ ሐሙስ"። እስክሪብቶ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ስምንት ያህል ስም ተጽፎበታል፣ የመጨረሻው ቀለሙ ገና ትኩስ ነው። እዚያ ግቢ የሞተው ባነሩ ነው፤ ቼዙ ሕያው ነበር።

እናንተም እንዲህ እዩ። መሄድ ካልቻላችሁ የክበቡን ቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፤ የመጨረሻው መልእክት መቼ ነው የተለጠፈው? የሰው ፎቶ አለበት ወይስ የባለሥልጣን ንግግር ብቻ? እዚያ የሚማር ልጅ ስታገኙ "ምን ክበብ አለ?" ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሰሌዳውን ያነብላችኋል። "አንተ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ውጭ ምን ሠራህ?" በሉት። መልሱ "ምንም" ከሆነ ሌላ ሁለት ልጅ ጠይቁ። ሦስቱም "ምንም" ካሉ ነገሩ ግልጽ ነው።

ገንዘቡንም ጠይቁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምግብና ማደሪያ በኮስት ሼሪንግ (በወጪ መጋራት) ስለሚያዝ ከክበብ ጋር የሚመጣው ወጪ ትንሽ ይመስላል። ማሊያ፣ የጉዞ መዋጮ፣ የልምምድ ባጃጅ ሲደመር ግን ለአንዳንድ ቤት ይከብዳል። ልጁ ደግሞ አፍሮ አይነግራችሁም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ኖን ካፌ መሆን፣ ማለትም ከግቢው ካፌ ሳይበላ ራሱ ማብሰል የሚፈልግ ከሆነም ምግብ ማብሰሉ የሚበላውን ሰዓት አብሮ ያስላ።

እኔ ብሆን

ቴክኖሎጂ ለሚያሳብደው፣ ከቤት መራቅ ለማይከብደው ልጅ አዳማን እመርጣለሁ። ምን መሆን እንደሚፈልግ ገና ላልለየ ልጅ የሐዋሳ ዋናው ግቢ ይሻለዋል፤ ብዙ ዓይነት ሰው ያያል፣ ሐሳቡን ቢቀይርም ቦታ አለው። ዓይን አፋር ለሆነ፣ ሕዝብ ለሚያስጨንቀው ልጅ ወንዶ ገነትን የመሰለ ትንሽ ግቢ አትናቁበት። ከቤት እየተመላለሰ መማርን የምመክረው ደግሞ ከተማው ውስጥ የያዘው ጠንካራ ነገር ላለው ልጅ ነው፤ ሥራ፣ ስፖርት፣ አገልግሎት። ምንም ሳይኖረው፣ ርካሽ መስሏቸው ቤት ያስቀሩት ልጅ ዓመታቱ ስልክ ላይ ያልቃሉ።

ምደባው ወጥቶ ያልፈለጋችሁት ቦታ ከደረሳችሁም ጥያቄዎቹ ይሠራሉ። በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተማሪዎች ህብረት ቢሮ ሂዱና የትኞቹ ክበባት በየሳምንቱ እንደሚገናኙ፣ ቀኑንና ቦታውን ጠይቁ። ምዝገባ ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ሁለቱን ሄዳችሁ ተቀምጣችሁ እዩ፣ ስማችሁን ወዲያው አትስጡ። ከዚያ ለዶርማችሁ የሚቀርበውን ያዙ።